ፈፋ ውስጥ የተጣለው ፍግ

አንድ ሰው ነበረ። ስለ እሱ ከመናገሬ በፊት ግን ጥያቄህን ልድገመው፤ ኋላ እንዲህ አላልሁም እንዳትለኝ። «ከወንድሜ ከኬርጋ ጋር እንደተኳረፍን፣ ሳንታረቅ ሞተብኝ። ይህን ጸጸት የት ወስጄ ልጣለው?» ብለኸኛል። ሰዎች እርሳው እያሉ እንደሚመክሩህም ነግረኸኛል። እንግዲህ ተቀመጥና ስማኝ።

ይህ ሰው በእንሰት አገር የሚኖር ገበሬ ነበረ። በዚያ አገር ከብት የሚያድረው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሚስቱ በየማለዳው በረቱን ትጠርግና አዛባውን፣ አመዱን፣ የድንች ልጣጩን ሳይቀር በእንቅብ ተሸክማ ከጓሮ እንሰቶቹ ሥር ትደፋዋለች። ከበረቱ እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሥራው የሴት ነው ይባላል፤ ወንድ አዛባ ተሸክሞ ቢታይ መንደሩ ይስቅበታል።

ሰውየው ከእርሻው ሌላ ንግድ ጀመረና ቀናው፤ የቆርቆሮ ቤትም ሠራ። ትልቋን ልጁን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ በሰማ ጊዜ የጓሮው ሽታ አሳፈረው። ሚስቱን ጠርቶ ይህን ቆሻሻ ከቤቴ አርቂው፣ ከመንደሩ ቁልቁል ካለው ፈፋ ወስደሽ ጣይው አላት። እሷም እንሰቱስ ምን ሊበላ ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ ግን የቆርቆሮ ቤቱን ደጅ ሊያሳምር ሄደ። ደግማ አልጠየቀችም፤ ነገር መደጋገም ጠባይዋ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቤቱን አመሰገኑ፣ ልጅቱም ተዳረች። ሴትዮዋ ግን በቃ የሚላት ስላልነበረ አዛባውን ከፈፋው መጣሏን ቀጠለች።

እንሰት ሲራብ ቶሎ አይናገርም። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ እንደለመለመ ነበር፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። ሰውየው ያ ሁሉ ሽታ ለካ በከንቱ ኖሯል እያለ ለጎረቤት ያወራ ጀመር። እኔ በዚህ ሰው አልስቅም፤ እኛም ብንሆን ያየነውን ብቻ ነው የምናምነው።

በአራተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ገብሱ ከማሳ ላይ ደረቀ፣ ንግዱም ገዢ አጥቶ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጓሮው ዞረ። ጎረቤቶቹ የሚነቅሉት እንሰት ለሁለት ሰው ሸክም የሚከብድ ነበር። የእሱ ሲነቀል ግን የሰው ጭን እንኳ አያህልም። ፍቀው ፍቀው ያገኙት ቆጮ ሁለት ወር አላደረሳቸውም። ሚስቱ ያለውን ለልጆቹ እየሰጠች ጠግቤአለሁ ትል ነበር፤ እሱም አመናት። ዝናቡ በተመለሰ ሳምንት እሷ ከተኛችበት አልተነሳችም።

ከአርባ ቀኗ በኋላ ሰውየው የጠፋች ጊደር ሲፈልግ ወደ ፈፋው ወረደ። እዚያም ሚስቱ አራት ዓመት ስትጥለው የኖረችው ሁሉ በስብሶ ጥቁር አፈር ሆኖ አገኘው። ሽታም አልነበረውም። ማንም ያልዘራው ዱባ በላዩ በቅሎ ቅጠሉን ዘርግቷል። አፈሩን በእጁ ዘገነና ተቀመጠ።

«ጠይቀሽኝ ነበር እኮ» አለ።

አልቅሶ ሲወጣለት ወደ ቤቱ ሄዶ የእሷን እንቅብ አመጣ። ጥቁሩን አፈር ሞልቶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አቀበቱን ይወጣ ጀመር። የሳቀበት የለም። እሷ ቀድሞ በሃያ እርምጃ ታደርሰው የነበረውን፣ እሱ አንዱን ሸክም ለማድረስ ሦስት ጊዜ ያርፍ ነበር። ችግኝ ተከለ፣ አፈሩን ከሥሩ ደፋ፣ በየማለዳውም በረቱን ራሱ ይጠርግ ጀመር። እንሰቱ ለምግብ የደረሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ልጆቹም በሉ። አንዳንዶች ይህን ሲያወሩ መጨረሻው አማረ ይላሉ። እኔ አልልም። ሴትዮዋ አልበላችም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ያ ሰው አንተ ነህ፤ ጸጸትህም ያ አዛባ ነው። እንደሚከረፋህ አውቃለሁ፤ እኔም የራሴ አለኝ። የት ልጣለው አልኸኝ፤ አትጣለው። ብትጥለውም ከፈፋው ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ያን ጊዜ አቀበቱን መውጣት አለብህ። የኬርጋ ሚስትና ሦስቱ ልጆቹ ከአጥርህ ማዶ ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ ዓይናቸውን ማየት ፈርተህ በደጃቸው ማለፍ እንደተውህ ሰምቻለሁ። ጸጸትህን እዚያ ድፋው። ማሳቸውን እረስላቸው። ልጆቹ ስለ አባታቸው ሲጠይቁህም ከእሱ ጋር መጣላትህን ሳትደብቅ ንገራቸው። ኬርጋ ከዚህ ሁሉ አንዳች አይቀምስም፤ ይህን አሳምሬ አልነግርህም። ልጆቹ ግን ይበላሉ። ተነሥ፣ እንቅቡን ያዝ፤ ዛሬ ገና ሃያ እርምጃ ነው።