በግራ በኩል የመጣው ጉርሻ

አንድ ግራ ዓይኑ የማያይ አናጢ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ጥሩወርቅ። እህትሽ የእናትሽን መርዶ ደብቃሽ ቀብሩ አመለጠሽ፤ «ብታረቃትስ ቀብሩ ይመለስልኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ የሰውየውን ነገር ስሚኝ።

ዓይኑን ያጠፋው ስንጥር ነው። ግንድ ሲፈልጥ ተፈናጥሮ ገባበት፤ ቁስሉ ዳነ፣ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ሰውየው መቼም ብርቱ ነበርና በአንድ ዓይኑ መጋዙንም መዶሻውንም ለመደ። አንዳንዴ ሚስማሩን ስቶ ጣቱን ይመታና በራሱ ይስቃል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያ የማያየው ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮው በኩል መሸሽ ጀመረ። ቀኙ ፊት ለፊት ሲያይ ግራው ጎረቤት ይጎበኛል።

ሰው ጨክኖበት አይደለም፣ ግራ ገባው እንጂ። አናጢው «ና እስቲ» ሲል ያልተጠራው ይነሣል፣ የተጠራው ዝም ይላል። በር የሚያሠራ ደንበኛ «እያናገርኩህ ወዴት ታያለህ?» ብሎ ይቆጣል። ልጆች «ሸውራራው» ይሉታል። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በሚጠጣው ማኅበር ዕለት የሆነውን ነው። ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። ሰውየው ለእርሱ አልመሰለውም፤ አጠገቡ ያለውም «ለእኔ ነው» አላለም። ሁለቱ ተያዩ። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። አናጢው እጁን መለሰና ራሱ ጎረሰው። ለሰው የጠቀለሉትን ራስ መጉረስ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? አልወርድ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ከማኅበሩ ቀረ። ተራው ሲደርስ ጠላውንና ዳቦውን በሰው ይልካል እንጂ እርሱ አይመጣም። ሥራውን ሲጨርስ በሩን ይዘጋና ብቻውን ይበላል። ከፊቱ በገዛ እጁ የሠራው በርጩማ አለ፤ የሚቀመጥበት የለም። ሰው ናፈቀው። ሰው መሐል እየኖሩ ሰው መናፈቅ ክፉ ነገር ነው።

አንድ ቀን ቆረጠና ከተማ ወርዶ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሟ መረመረችው፤ አልዋሸችውም። «የሚያይ ዓይን የሚያየው ነገር ይይዘዋል። የማያይ ዓይን የሚይዘው ስለሌለ ይባዝናል። የሚጎትተውን ጡንቻ አላልቼ፣ የላላውን ሰብስቤ አቀናልዎታለሁ። ብርሃን ግን አልሰጥዎትም» አለችው።

«ካላየሁበት ምን ያደርግልኛል?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ያ አየር ላይ የቀረ ጉርሻ ትዝ አለው። እሺ ብሎ ለቀዶ ጥገናው ተኛ።

ዓይኑ ቀና። ቅላቱ ሲጠፋለት ወደ ማኅበሩ ተመለሰ፤ እልል ተባለ። «ዓይንህ በራልህ!» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዝም አለ። ዋሸ አይባልም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ወዲያው አፉን ከፈተ። አናጢው በደስታ አለቀሰ፤ እንባው ከሁለቱም ዓይኖቹ ወረደ። የጠፋ ዓይንም ለማልቀስ አይሰንፍም።

በዚያው ቅጽበት በግራው የተቀመጠ አንድ ግንበኛ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋለት። አናጢው አላየውም። ግንበኛው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ እጁ ዛለ። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰና «አሃ፣ ዓይኑ ሲቀና እኛን ናቀን» አለ። አናጢው ድምፁን ሰምቶ አንገቱን አዞረ፤ ትሪው ላይ የተመለሰውን ጉርሻ አየ።

ያንን ጉርሻ ያውቀዋል። አሁን እጁ አየር ላይ የቀረበት ሌላ ሰው ነው። ዝም ቢል ዓይኑ የበራለት ሰው እንደተባለ ይኖራል፤ ቢናገር ያን ሁሉ እልልታ ውኃ ይበላዋል። ተነሣ። ጣቱን ወደ ግራ ዓይኑ አድርጎ «ይሄ ቀና እንጂ አልበራም። ዛሬም ጨለማ ነው። አልናቅሁህም ወንድሜ፣ አላየሁህም። በዚህ በኩል ስትመጣ ስሜን ጥራኝ» አለ። ከዚያም አንገቱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ጭምር ወደ ግንበኛው አዙሮ አፉን ከፈተ። ግንበኛው ጉርሻውን አነሣ፤ ስሙን ጠራና አጎረሰው።

እንግዲህ ጥሩወርቅ፣ ቀብሩ አይመለስም። እርሱ የጠፋው ዓይን ነው፤ እህትሽም አታበራውም፣ እኔም አላበራልሽም። ዕርቅ ያንን ያደርጋል ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ ዋሽቶሻል። ግን ከዚያ ወዲህ ፊትሽ ወዴት እንደዞረ አይተሻል? እርሷ «እህቴ» ስትልሽ አንቺ ከጎኗ ያለውን ግድግዳ ታያለሽ። ዕርቅ የሚያቀናው ይህንን ነው። የበራልሽ መስለሽም አትታረቂያት። «እዚህ ጋ ዛሬም ያመኛል፤ በዚህ በኩል ስትመጪ ስሜን ጥሪኝ» በያት። እርሷ ከጠዋት ጀምሮ ደጄ ላይ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው። ተነሺ ልጄ፣ እጇ ሳይዝል።