ፊቱን ያዞረው የንጉሥ ሥዕል

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

በድሮ ጊዜ፣ ኳስ ከጨርቅ በሚሠራበት ዘመን፣ ኳስ የሚወድ ንጉሥ ነበረ። ተጫዋቾቹን «ፈረሰኞቼ» ይላቸዋል። ሁሉም የእህቶቹ ልጆች ናቸው። ዘመዱ ያልሆነው ግብ ጠባቂው ዘገዬ ብቻ ነበር። መጫወት የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር።

ፈረሰኞቹ ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር ሦስት ጊዜ ተጫወቱ። ሦስት ጊዜ ተሸነፉ። ንጉሡ ዘገዬን አሰረው። ኳስ ሲነካ የታየው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ሆነ።

ዘገዬ ቢያድግልኝ የሚባል ሠዓሊ ወንድም ነበረው። ሁለቱ ያለ እናት ያለ አባት፣ አንድ ቁራሽ ለሁለት እየገመጡ ያደጉ ናቸው። ንጉሡ ቢያድግልኝን አስጠራና ስናሸንፍ የሚያሳይ ሥዕል ሳልልኝ አለው። ካልወደድኩት ወንድምህ እዚያው ይበሰብሳል አለው።

ቢያድግልኝ ብሩሽ አልነበረውም። አህያውን ከጭራዋ ጥቂት ፀጉር ለመናት።

«ውሰድ» አለችው አህያዋ። «ግን በእኔ ጭራ የተሳለ መዋሸት አይችልም።»

ሳለ። ፈረሰኞቹን የብረት ልብስ አልብሶ በፈረስ ላይ አስቀመጣቸው። ንጉሡን ከፊት አደረገው። በዚያ አገር ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል። ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። በንጉሡ ትእዛዝ የወንዝ ማዶዎቹ ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ሆኑ።

ሲነጋ የወንዝ ማዶዎቹ ሁለት ሁለት ዓይን አውጥተዋል። የተሳለው ንጉሥ ግን ወደ ጎን ዞሯል። አንድ ዓይን ቀርቶታል። ንጉሡ አሳደሰው። በማግስቱም ያው ሆነ። ደግሞ አሳደሰው። ያው። መኳንንቱ አንድ ዓይን ለንጉሥ ያምራል አሉ።

«ወዴት ነው የማየው?» አለ ንጉሡ።

ቢያድግልኝ እጅ ነሣ። «ወደ እስር ቤቱ ነው፣ ጃንሆይ። ግብ ጠባቂዎን እየፈለጉ ይመስለኛል። ቢፈቱት ፊትዎን ይመልሳሉ።»

ዘገዬ ወዲያው ተፈታ። ወንድማማቾቹ ዕቃቸውን በአህያዋ ጭነው ወንዙን ተሻገሩ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ዘገዬ በወንዝ ማዶዎቹ ግብ ቆሞ ታየ። ፈረሰኞቹ እንደ ሥዕሉ ብረት ለብሰው ገቡ። የወደቀው ሁሉ የሚያነሣው ሰው አጣ።

ንጉሡ ተሸንፎ ቤቱ ሲገባ ሥዕሉ እውነትም ዞሮ ነበር። ወደ ሌላው ጎን። አሁንም አንድ ዓይን ነው።

ልጆች፣ ሥዕል ማሳደስ ሥራን አያሳድስም።

ተረቴን መልሱ። ዳቦ ከሌለ ቆሎም ይበቃኛል።