ድንቢጥ በሥሩ ያለፈችበት ድንጋይ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ያልተቀመጠ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም ጆሮውን ያቁም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ሲናገር፣ ድንጋይም ቢሆን ሲጠይቁት መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ በአንድ ሞቃት ቆላ ውስጥ ደረበ የሚባል ከርከሮ ነበረ። ነበረ ብቻ አይደለም፤ ሞልቶ ተርፎ ነበረ። ሆዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ እሱ ከኋላ ይከተላል።

ደረበ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በጎረምሳነቱ በምንጩ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ቆላው ሁሉ ስሙን ጠርቶለታል። ከዚያስ ምን አደረገ? ገበሬ ጥሎት የሄደ የስኳር ድንች ማሳ አገኘ። በላ፣ ተኛ። ተነሣ፣ በላ፣ ተኛ። ሯጭ ሲያይ ይደክመዋል፤ ዳገት ሲያይ ይተኛል።

በዚያ ቆላ አንድ የቆየ ወግ ነበረ። ክረምቱ አልፎ ምድሩ መድረቅ ሲጀምር አራዊቱ ሁሉ በምንጩ ዳር ተሰብስበው ድንጋይ ያነሣሉ። ያሸነፈው ከነቤተሰቡ በጋውን ሙሉ ከምንጩ አጠገብ ባለው ሾላ ጥላ ሥር፣ ከቀዝቃዛው ጭቃ ውስጥ ይከርማል። ሌላው ግን ተራውን ጠብቆ ይጠጣና ወደ ፀሐዩ ይመለሳል። ሸክም እንጀራው የሆነ አይወዳደርም። አህያ፣ ግመልና በሬ የሚመጡት ለማየት ብቻ ነው። አህያም በየዓመቱ፣ እኛ ዓመት ሙሉ ስንሸከም አንድ ቀን እንኳ ማን እልል አለልን እያለች ታጉረመርማለች። በቅሎ ግን ጭነት ታውቃለችና ዳኛ ትሆናለች።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ድንጋዩ ስለተነሣ ብቻ ተነሣ አይባልም። እንደተነሣ ድንቢጥ በአንድ ወገን ገብታ በሌላው ወገን መውጣት አለባት። ካለፈች ተነሥቷል፤ ካላለፈች አልተነሣም። ለምን ቢባል፣ የድሮዎቹ እንዲህ ይሁን ብለው ሄዱ እንጂ ምክንያቱን አልነገሩንም። ለድንቢጥ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። አያቷ ገብታ ሳትወጣ የቀረችው እዚያው ድንጋይ ሥር ነው። ድንጋዩን ነክቶ ድንቢጥ ያላለፈችለት ደግሞ እስከ ከርሞ ከሁሉም በኋላ ይጠጣል። ከሁሉም በኋላ ሲባል ከውሃው ይልቅ ዝቃጩን ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የደረበ ሚስት ማንጠግቦሽ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ባለፈው በጋ የወለደቻቸውን ፀሐይ ጨርሷቸዋል፤ አንዱም ለዝናብ አልደረሰም። ያኔ ደረበ በሆዱ አፍሮ፣ ለከርሞ እወዳደራለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። ማንጠግቦሽ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። አንጀቱን የቆረጠው ግን አለመውቀሷ ነው።

እነሆ ከርሞ ደረሰ። ቆቅ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየበረረች አዋጅ ነገረች። ነገ ፀሐይ ሳትከር ድንጋይ ይነሣል አለች። ቆላው ተናወጠ። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ሆነው ጮኹ፣ ሽኮኮዎች በየዓለቱ ላይ ዘለሉ፣ ሚዳቋዎች እግራቸው መሬት አልረግጥ አለ። ደረበም የስኳር ድንቹ ከአፉ ወደቀ። ፈራ፣ ደግሞም ደስ አለው፤ የቱ እንደሚበልጥ ለራሱም አልገባውም።

ቶሎ ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ። አንድ ጊዜ ዞረው፣ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ሦስተኛ ሲዞረው ድንጋዩ ተናገረ።

«ምን ያዞርሃል?»

«ከብደህ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው» አለ ደረበ።

«እኔ ያው ነኝ» አለ ድንጋዩ። «አልበላሁ፣ አልተኛሁ። መክበድህን የምትጠይቅ ከሆነ ራስህን ጠይቅ።»

ደረበ አፈረ። ነገሩ ግን እውነት ነበርና ከግራሩ ሥር ቁጭ ብሎ ራሱን መጠየቅ ጀመረ።

መጀመሪያ የመለሰው ሆዱ ነው። ሆድ መቼ ተራ ጠብቆ ያውቃል? «ተው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አታድርገው» አለው። «ዘንድሮ እንረፍ። ማሳው ላይ ገና ያልቆፈርነው ብዙ አለ። ከርሞ ቀለል ስንል እንገባለን።»

ቀጥሎ ክራንቻው ተናገረ። ክራንቻ አይወፍር፣ አይከሳ፤ ስለዚህ ዓመታት ማለፋቸውን አያውቅም። «ግባ እንጂ! እኔ እንደሆንኩ ስለቴ እንኳ አልዶለዶመም። ያን ጊዜ እስከ ደረት አነሣነው፤ ዘንድሮ እስከ ግንባር እናነሣዋለን። እንዲያውም ሁለት ጊዜ እናነሣዋለን።»

ደረበ የሆዱን ሲሰማ ፈዘዘ፣ የክራንቻውን ሲሰማ ተነሣሣ። አንዱ ተው ሲለው ሌላው ግባ ሲለው ቆየና በመጨረሻ ዝም ያለ አንድ እንዳለ ትዝ አለው። ወደ ታች ጎንበስ ብሎ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ ብሎ ጉልበቶቹን ጠየቃቸው።

«እኛን ጠይቀኸን አታውቅም» አሉ ጉልበቶቹ።

«ይኸው ጠየቅኳችሁ።»

«እንግዲያው በአፍ አንመልስልህም። ያንን ግንድ አንሣና እይ።»

ደረበ ተንበርክኮ ክራንቻውን ከወደቀው ግንድ ሥር አስገባ። አነሣው። ወዲያው ጉልበቶቹ ተንቀጠቀጡና ግንዱ ወደቀ። እንደገና አነሣው፤ እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ወፍ ከዚህ ግራር ተነሥታ እዚያኛው ግራር ላይ እስክታርፍ ድረስ ያዘው። ከዚያ ወዲያ የለም።

«አየህ» አሉ ጉልበቶቹ። «ከግራር እስከ ግራር። ለዚህ እንቆምልሃለን። ከዚህ በላይ ቃል ከሰጠህ ግን ውሸታም የምትባለው አንተ ነህ።»

ደረበ ቤቱ ገብቶ ይህን ሁሉ ለማንጠግቦሽ ነገራት። ክራንቻው ያለውን ቀንሶ፣ ሆዱ ያለውን ጨምሮ ነገራት፤ ባል ሲፈራ እንዲህ ነው። ማንጠግቦሽ ሆዷን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ጋደም ብላ ሰማችው።

«ብወድቅ ዝቃጩን ነው የምንጠጣው» አላት።

«እኔ ዝቃጭ ጠጥቼም እወልዳለሁ» አለችው። «ጥላ ከሌለኝ ግን የወለድኩትን አላሳድግም። አንተ ደረበ፣ እንደ ድሮው ሁንልኝ አላልኩህም። ያለህን ይዘህ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

ደረበ ተነሥቶ በደረቁ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አለ። እንደሚሄድ ያወቀችው ከአረማመዱ ነው።

በማግስቱ ምንጩ ዳር ጠጠር መጣያ ጠፋ። ሽኮኮዎች በግመል ሻኛ ላይ ሳይቀር ተደርድረዋል። በቅሎ ጆሮዋን አቁማ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመች። ድንቢጥም ከድንጋዩ ጫፍ ላይ አርፋ ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ደረበ ሲመጣ ከሆዱ የተነሣ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ወጋው። ግን ደግሞ የሕዝቡ ጩኸት፣ የአቧራው ሽታ፣ የልጅነቱ ነገር ሁሉ ተመለሰበትና ደሙ ሞቀ። ይህን ያህል ጊዜ ምን ሲያስቀረኝ ኖረ ብሎ ተገረመ።

መጀመሪያ ግራዝማች ዝንጀሮ ወጣ። እጁን አሻሸ፣ ደረቱን መታ፣ ድንጋዩን አቅፎ እስከ ደረቱ ድረስ ብድግ አደረገው። ሕዝቡ ጮኸ። ድንቢጥ ከእግሩ አጠገብ ሆና፣ ትይዘዋለህ ወይ አለችው።

«እስከ ነገ ድረስ» አላት ዝንጀሮ። ይህን ሲላት ግን የሚያየው እሷን ሳይሆን ገደሉ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ዝንጀሮዎች ነበር። ድንቢጥ ዓይኑን ተከትላ አየች። አልገባችም። ቢጠብቃት፣ ቢለምናት፣ ቢቆጣትም አልገባች አለች። ዝንጀሮም ደከመውና አስቀመጠው።

ቀጥሎ አያ ጅቦ ወጣ። እጅ የለውምና በመንጋጋው ነክሶ አነሣው። ድንቢጥ፣ ትይዘዋለህ ወይ አለችው። አፉ ሙሉ ስለሆነ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ ለሀጩ ተንጠባጠበ። ድንቢጥ ድንጋዩን አየች፣ ጥርሱን አየች፣ ለሀጩን አየች። ከድንጋዩስ ብተርፍ ብላ ወደ ኋላ ዘለለች። አህያ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጅቦም ድንጋዩን ጣለና እያነከሰ ወደ ኋላ ሄደ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ደረበ ነው። በቅሎ ሦስት ጊዜ መሞከር እንደሚፈቀድ አስታወሰችው። እሱ ግን ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ድንቢጥን ጠራትና በጆሮዋ ነገራት።

«ስሚኝ እህቴ። እኔ የድሮው ደረበ አይደለሁም። ከፍ አላደርገውም፤ ብዙም አልይዘውም። ከዚህ ግራር ተነሥተሽ እዚያኛው ላይ እስክታርፊ ያለችውን ያህል ብቻ ነው። አሁን ስልሽ ግቢ። አሁን ካላልኩ ግን ሰማይ ቢጮህ እንዳትገቢ።»

ድንቢጥ አንገቷን አዘንብላ ሰማችው።

ደረበ ተንበረከከ። ክራንቻውን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ ገፋ። ድንጋዩ አልነቃነቅ አለ፤ ሆዱ ግን ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። ሕዝቡ ሳቀ።

ሁለተኛ ገፋ። ጅማቱ ተገተረ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ድንጋዩም ብድግ አለ! በሥሩ ብርሃን ታየ። ሕዝቡ ባንድ አፍ፣ ግቢ፣ ግቢ እያለ ጮኸባት። ክራንቻው፣ «አሁን» በላት አለው። ሆዱም፣ በላትና እንገላገል አለው። ጉልበቶቹ ግን ገና ሳይደላደሉ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ገና ነው አሉት። ደረበ ማንጠግቦሽን ከሕዝቡ መሐል አያት። ጥላውን አየው። አንዲት ቃል ቢናገር የሷ ነው። ጥርሱን ነከሰ፣ ዝም አለ፣ ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠው።

ሕዝቡ አዘነም፣ ተበሳጨም። ድንቢጥ ግን ከነበረችበት ፈቀቅ ብላ ወደ ድንጋዩ ቀረበች።

አንድ ቀረችው። ደረበ እግሩን አሰፋ፣ ጉልበቶቹን ከጭቃው ውስጥ አጠለቀ፣ አየር ሳበ፣ ገፋ። ድንጋዩ ተነሣ። ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ግን ተነሣ። ክራንቻው ተንቋቋ። ቆላው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ጉልበቶቹም ተደላደሉና፣ ይኸው ቆመንልሃል አሉት።

«አሁን!» አለ ደረበ።

ድንቢጥ ፉር ብላ ገባች። በወዲያኛው ወገን ወጣች። ወዲያው ድንጋዩ ድብ ብሎ ወደቀ። ከጭራዋ አንዲት ላባ ከሥሩ ቀረች።

ቆላው በእልልታ ተናጋ። አህያ እንኳ ማጉረምረሟን ትታ ጆሮዋን አማታች። ደረበ እዚያው ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ያለቅስ ነበር፤ ይስቅም ነበር።

ግራዝማች ዝንጀሮ ግን ተነሥቶ፣ ይህ ፍርድ አይደለም ብሎ ተከራከረ። እኔ እስከ ደረቴ አነሣሁ፣ እሱ ከመሬት ብዙም አላራቀው፤ እንዴት ይበልጠኛል አለ። በቅሎም፣ ወጋችን ማለፏን እንጂ ከፍታውን አይጠይቅም አለችው። እሱ ግን አልረካምና ወደ ድንቢጥ ዞረ። ሰፊው በር ተከፍቶልሽ ሳለ በጠባቡ የገባሽው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

ድንቢጥ ላባ የጎደለውን ጭራዋን እያራገበች መለሰችለት።

«እናንተ የምትችሉትን ነገራችሁኝ። እሱ የማይችለውን ነገረኝ። አያቴም የገባችው እስከ ነገ እይዘዋለሁ ባላት ሥር ነው።»

ዝንጀሮ ደረቱን ሳይመታ ወደ ገደሉ ተመለሰ።

በዚያ በጋ ማንጠግቦሽ ከሾላው ጥላ ሥር ወለደች። የወለደቻቸው ሁሉ ዝናብ አዩ።

ስለዚህ፣ አቅም ማነስ አያሳፍርም። ማነሱን ደብቆ የገባ ሌላውን ያስጨፈልቃል፤ ማነሱን ሰበብ አድርጎ የቀረ ደግሞ የራሱን ያስጨርሳል። ልኩን ተናግሮ የገባ ግን ድንቢጥ ታምነዋለች።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ የቻለ ያንሣው።