የቁጣው ዕድሜ

ደሴ ውስጥ አንድ አናጺ ነበር። እጁ የሰለጠነ፣ የሠራው ወንበር የማይነቃነቅ። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ሲቆጣ ቤቱ ይናወጣል። ሳህን ይወረውራል፤ ልጆቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። ሲበርድለት ደግሞ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "ምን ላድርግ፣ ባሕርዬ ነው።"

ሚስቱ ወርቅያንሱ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ሰማች። በዐሥረኛው ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ሰውየው ሽማግሌ ይዞ ሄደ። "ልጄ፣ ይህን ቁጣህን ምን ልታደርገው ነው?" አሉት ሽማግሌዎቹ።

"አባቶቼ፣ አልዋሻችሁም። አብሮኝ የተወለደ ነው።"

የወርቅያንሱ ወላጆች ጎረቤት፣ እትዬ ድንቄ የሚባሉ አሮጊት እዚያው ተቀምጠዋል። የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ።

"አንተን ያዋለድኩህ እኔ አይደለሁም?" አሉት።

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።"

"እንግዲያው አብሮህ የተወለደውን አውቃለሁ። እትብትህን ቆርጬ፣ አጥቤህ ለእናትህ ሰጠሁህ። ጣቴን ይዘህ አልለቅም ብለህ ነበር፤ እሱን አይቻለሁ። ቁጣ ግን አላየሁም።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "ታዲያ ከየት አመጣሁት?" አለ።

"እሱን አንተ ፈልግ።"

እውነትም ፈለገ። ታላቅ እኅቱ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። "አንተማ ዝምተኛ ልጅ ነበርክ። የተለወጥከው አናጺነት ልትማር ከገባህ ወዲህ ነው" አለችው። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሙያውን ያስተማሩት ሰው፣ ምስማር በተጣመመ ቁጥር ይጮኹበት፣ ያገኙትን ይወረውሩበት ነበር። ከመጋዙና ከመላጊያው ጋር ቁጣውንም ተማረው። ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

አያችሁ? ቁጣው በዐሥራ አምስት ዓመት ያንሰዋል። ታናሹ ነው። ታናሹ ሆኖ ሳለ ቤቱን ይገዛው ነበር።

ወርቅያንሱ ዘንድ ተመልሶ፣ "ባሕርዬ አይደለም፤ የተማርኩት አመል ነው" አላት።

"ባሕርዬ ነው ስትለኝ ተስፋዬን ነበር የምትቆርጠው" አለችው። "አሁን እስከ ፋሲካ ልይህ።"

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ቁጣው ጠፋ ወይ? አልጠፋም። ሲመጣበት ግን ከቤት ወጥቶ ይቆማል። ሲያመልጠው ይቅርታ ይጠይቃል።

ወገኖቼ፣ ባሕርይ ምንድን ነው? የእሳት ባሕርዩ ማቃጠል ነው። አቃጠልኩ ብሎ ንስሐ የገባ እሳት አይታችኋል? እኛ ግን ንስሐ ግቡ ተብለናል። ለምን? መለወጥ ስለምንችል አይደለምን?

እናንተስ ባሕርዬ ነው የምትሉት ምንድን ነው? ቂሙን ነው? ሐሜቱን? ሰው የሚጎዳ ዝምታችሁን? ፈጣሪ ያልሰጣችሁን በፈጣሪ አታሳብቡ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ በልጅነት የሚያውቃችሁን ሰው ፈልጉና "ይህ ነገር መቼ ጀመረኝ?" በሉት። መልሱ ያስደነግጣችሁ ይሆናል። ግን አትፍሩ፤ መጀመሪያ ያለው ነገር መጨረሻም ይኖረዋል።