የቀርከሃ ተሸካሚዎቹ እረፍት

አንድ ነጋዴ ከተራራ ግርጌ ባለ ገበያ ቀርከሃ ይገዛ ነበር። ከላይ ካለው ጫካ ቆርጠው፣ በጀርባቸው አዝለው የሚያወርዱለት የተራራው ሴቶች ናቸው፤ ከትንሿ ማሳቸው በቀር ከጫካው ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ነጋዴው ብልጥ ነውና አንድ ቀን፣ «ቀድማ ለደረሰች ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ፤ ከኋላ ለመጣች ሁሉ ግማሽ» አላቸው።

ከዚያ በፊት ሴቶቹ እየተጨዋወቱ አብረው ይወርዱ ነበር። ሸክም አዝላ ቁጭ ያለች ሴት ብቻዋን ብድግ ማለት ስለማትችል፣ አንዷ ለሌላዋ እጇን ዘርግታ ታነሳት ነበር። አሁን ግን ጨዋታውም እረፍቱም ቀረና እንደ ጉድ መሮጥ ሆነ። ዘርፌ የምትባለው ጠንካራ ሴት ዓመቱን ሙሉ አንዴም ሳታርፍ ሁሉንም ቀደመች። ጎረቤቶቿም አኮረፏት።

በአንድ የገበያ ቀን ዘርፌ እንደ ልማዷ ከፊት ሆና ስትወርድ ጉልበቷ ከዳትና መንገድ ዳር ዘጭ አለች። ልትነሳ ሞከረች፤ ሸክሙ መልሶ አስቀመጣት። ዝናቡ ደርሷል፤ በዛሬው ሽያጭ ዘር ድንች ካልገዛች ማሳዋ ጦሙን ሊያድር ነው። ወዲያው ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ከኋላ ብቅ አለች። ዘርፌ ስቃባት እንደምታልፍ አልተጠራጠረችም።

ማንጠግቦሽ እውነትም ሳቀች። «አንቺም እንደ ሰው ይደክምሻል ለካ!»

«እለፊ እንጂ፤ ዛሬ ቀዳሚዋ አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ወዲያ! እኔም ወገቤ ተቆርጧል፤ ጠጋ በይልኝ» ብላ ከጎኗ ቁጭ አለች።

«ሁለታችንም ከተቀመጥን ማን ያነሳናል?»

«የምትመጣው ናታ!»

የመጣችውም አይታ ተቀመጠች፤ ቀጥላ የመጣችውም እንዲሁ። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ወሬ ተዘረገፈ፤ ሳቁ ገደሉን ሞላው። በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ ግማሽ ዋጋ የሚደርሳቸው አሮጊቷ እማማ ውባለም ቀስ እያሉ ደረሱ። ቆመው የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው ዘርፌን አነሷት፤ ዘርፌ ማንጠግቦሽን፣ ማንጠግቦሽም ቀጣይዋን አነሳች።

ከዚያ እማማ ውባለም ከሸክማቸው አንድ ረጅም ቀርከሃ አወጡ። ገበያው በር ሲደርሱ ሁሉም ያንን ቀርከሃ ከፊታቸው አግድም ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገቡ።

ነጋዴው ግራ ገባው። «ቀድማ የገባችው ማናት?»

«ቀርከሃው ነዋ፣ ልጄ!» አሉት እማማ ውባለም። «ካላመንከን ሸክማችንን ይዘን እንመለሳለን።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። የነጋዴው ጋሪዎች ባዷቸውን ቆመዋል፤ ሌላ ቀርከሃ የሚያወርድለት የለም። ለሁሉም ሙሉ ዋጋ ከፈለ። ዘርፌም ዘር ድንቿን ገዛች፤ ዳገቱንም ሴቶቹ እየተቀባበሉ አወጡላት።

ወዳጄ ሆይ፣ ድህነት የሚከብደው ሸክሙ ስለበዛ ብቻ አይደለም። እጁን ሊዘረጋልን የሚችለውን ሰው ልንቀድመው ስንሮጥ ይበልጥ ይከብዳል። ቀዳሚዋን ያነሳቻት ደግሞ የመጨረሻዋ ነበረች። አንተ ዛሬ ልትቀድመው የምትሮጠው ማንን ነው? ነገ ቁጭ ብትል የሚያነሳህ እሱ ቢሆንስ?