ቅቤ የሚቀምሱ ሴቶች እና የዘይት ጠርሙሱ

አንድ ዘይት ነጋዴ ነበረ።

እትዬ በላይነሽ እንዲህ ብለው ነው የጀመሩት፤ «ግቢ፣ ተቀመጪ» እንኳ ሳይሉ። ጎረቤታቸው ሰናይት ልጇን አዝላ፣ ሁለት ጠርሙስ የአቮካዶ ዘይት ይዛ በራፋቸው ላይ ቆማለች። «እትዬ፣ የልጄ ራስ ደርቆ እየተላጠ ነው። የትኛውን ልቀባው? የትኛውንስ ለድስት ላድርገው?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። እሳቸው ጠርሙሶቹን ገልበጥ አድርገው አዩ። የሁለቱም ክዳን እንደታሸገ ነው። ይኼኔ ፊታቸው ተለዋወጠ።

አንድ ዘይት ነጋዴ ነበረ፤ አሉ። የበሰለ አቮካዶ እየጨመቀ ይሸጣል። ሁለት ዓይነት ዘይት ነበረው፣ ሁለቱም ደህና። አንዱ ያልተጣራ ነው፤ አረንጓዴ፣ ሲከፈት ፍሬው ፍሬው የሚሸት። ለጸጉርና ለገላ ይሆናል፣ ሰላጣ ላይም ይደረጋል። ሁለተኛው የተጣራ ነው፤ ፈዘዝ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ኃይለኛ እሳት ላይ ቶሎ የማይጨስ። እሱ ለጥብስ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰውዬው ምንም አላጠፋም።

ጥፋቱ ከመስኮቱ መጣ። ለማሳያ ብሎ ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ደርድሮ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ከረመባቸው። አንዱን ከፍቶ ቢያሸት ፊቱን አዞረ። ሰው የሆነ ሰው ያን ጊዜ ደጅ ወስዶ ይደፋዋል። እሱ ግን ሽቶ ጠብ አደረገበት። ጠርሙሱንም በውጭ በኩል ሽቶ ቀባው። ከዚያ «ለሕፃናት ገላ» የሚል ወረቀት ለጠፈበት።

ሚስቱ አየችው። «ምን ታፈጫለሽ?» አላት። «የሚበላ ቢሆን አልሸጠውም ነበር። ቆዳ እንደሆን አፍ የለው።» እሷም ለራሷ ልጅ ካልተበላሸው አረንጓዴ ቀዳችለት።

የዚያ አገር ሴቶች ቅቤ ሲገዙ ብታዪያቸው! በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጥረው ይቀምሳሉ፣ ያሸታሉ፣ መዳፋቸው ላይ ያሻሉ። «ይሄማ ሰንብቷል፣ ማንን ልትሸውጂ ነው?» ብለው ሻጯን በሰው ፊት ያዋርዷታል። እነዚያው ሴቶች ናቸው ዘይቱን ሳይከፍቱ የገዙት። ጠርሙሱ ያምራላ! በውጭ በኩል ጽጌረዳ ይሸታላ!

ከእነሱ መካከል አንዲት እናት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሲተኛ ይተነፍስ እንደሆነ አፍንጫው ሥር ጣቷን አድርጋ የምታዳምጥ፣ ንፋስ ነካው ብላ የምታለቅስ። ገዝታ የልጁን ራስ ቀባችው፣ እየደጋገመች ቀባችው። ራሱ ቀላ፣ ሽፍታ ወጣበት፣ ከዚያ ቆሰለ። እሷ ያነሰው መስሏት ጨመረችለት። በኋላ ልጁ እጇን ሲያይ ራሱን ማሸሽ ጀመረ። ከእናቱ እጅ! ያኔ ነው ጠርሙሱን ያሸተተችው፣ ምላሷም ላይ ጠብ ያደረገችው። ጉሮሮዋን አቃጠላት፤ ተፋችው።

በገበያ ቀን ጠርሙሱን ይዛ ነጋዴውን ፍለጋ ወጣች። የት አገኘችው መሰለሽ? ቅቤ ተራ። ለቤቱ ቅቤ ሊገዛ ቁጢጥ ብሎ፣ በጥፍሩ ቆንጥሮ ሲያጣጥም!

«እንካ፣ ይሄንንም ቅመስ» አለችው።

«ኧረ እቴ፣ ይሄ የሚቀባ እንጂ የሚበላ አይደለም።»

«ቅቤውስ? አይበላም? አይቀባም?»

ቅቤ ሻጮቹ ሳቁ። አንዷም «ጋሼ፣ ለኛ ቅቤ ምላስዎን አልሰሰቱም፤ ይቅመሱላት እንጂ!» አለች። እሱ ቅቤውን በኮባ ቅጠል አስጠቅልሎ ሊነሳ ሲል፣ እናትየዋ ቅጠሉን ገለጠችና ዘይቷን ቅቤው ላይ ገለበጠችበት።

«አበላሸሽብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄን እኮ ልጆቼ ናቸው የሚበሉት!»

ቅቤ ሻጮቹ ሳቃቸውን ትተው ወደ እሱ ዞሩ።

«የኔስ?» አለችው። «የኔስ ልጅ ምንህ ነው?»

ሰውዬው ዙሪያውን አየ፤ ከእንግዲህ ማንም ከእሱ እንደማይገዛ ገባው። ቢሆንም አላፈረም። «ከፍታችሁ እንዳታሸቱ ማን እጃችሁን ያዘ?» አላቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያቺ እናትም ጠርሙሱን እዚያው ድንጋይ ላይ ሰበረችውና እያለቀሰች ወደ ልጇ ሄደች።

እትዬ በላይነሽ ወደ ሰናይት ዞሩ። ቁጣቸው ገና አልበረደም።

«ሰውዬው ሌባ ነው። እግዜር ይማረው እንደሆነ እንጃ፣ እኔ አልምረውም። አንቺ ግን እንደ ያቺ እናት ነሽ። አረንጓዴው ለልጁ ራስ፣ የተጣራው ለእሳት፤ ይሄን ማንም ይነግርሻል። ግን ውስጡ ያለው የተጻፈበት ራሱ ነው ወይ? እኔ ክዳኑ እንደታሸገ በምን ዓይኔ ልየው? ቅቤ ብሰጥሽ እኔን፣ ያሳደግኩሽን፣ አታምኚኝም፤ ቀምሰሽ ነው የምትቀበይኝ። ወረቀት የለጠፈን የማታውቂውን ሰው ግን አምነሽ፣ በልጅሽ ራስ ልትሞክሪው ትመጫለሽ! ይሄ ያዘልሽው ልጅ ቀምሶ አይመርጥ፣ አሽትቶ እምቢ አይል። የሱ አፍንጫ አንቺ ነሽ። የሱ ምላስ አንቺ ነሽ።»

ሰናይት ጠርሙሶቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ጀርባዋ ላይ ልጁ ተንቀሳቀሰ።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አሏት። «ክፈቺው። መጀመሪያ ያንቺ አፍንጫ፣ ከዚያ ያንቺ ምላስ። የሱ ራስ መጨረሻ ነው።»