ስንቅነሽ የጋገረችው ፎርማጆ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይስማበት። ስንቅነሽ የምትባል እንግዳ ወዳድ አይጥ ነበረች። ልጇን ስትድር፣ እንግዶቿ ከምሳ በፊት ይቀማመሱ ብላ ፎርማጆ ፈቅፍቃ ፎርኖ ውስጥ ደርቆ ኮሽ እስኪል እንደ ቂጣ በስሱ ጋገረች። ጉዱ የመጣው ሙሽራው የመጀመሪያዋን ነክሶ ቀርጨም ሲያደርጋት ነው። ኮሽታ የማያመልጣት ድመት በሩ ላይ ከች አለች።

"ማነው የሚያንኮሻኩሸው?" አለች።

ለስንቅነሽ ግን የመጣ ሁሉ እንግዳ ነውና እፍኝ ሙሉ አንስታ፣ "በሞቴ እሜቴ፣ ይጉረሱልኝ" ብላ አጎረሰቻት።

ድመቷ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ቀርጨም፣ ቀርጨም፣ ቀርጨም። ከራሷ መንጋጋ ሌላ የሚሰማት ነገር አልነበረም።

ዓይኗን ስትገልጥ ሠርገኛው የለም። ከግድግዳው ቀዳዳ፣ "ልድገምዎት እሜቴ?" የሚል ድምፅ ብቻ መጣ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በፎርማጆ አብሱ።